ጓሮ የሌለን ሰዎች የጓሮ አትክልት

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። «የሞተር ያልከፈላችሁ እስከ ዓርብ ክፈሉ።» «ነጭ ቪትዝ፣ መውጫ ዘግተሃል፣ አንሳ።» «ከላይ ውኃ የሚደፋው ማነው? ያጠብኩትን ልብስ አበላሸብኝ።» መሀል ላይ አንድ ሰው የበዓል ምስል ይለጥፋል፣ ሁሉም «አሜን» ይላል፣ በማግስቱ ወደ ሞተሩ ክፍያ እንመለሳለን። እኔ በዚህ ብሎክ ስድስት ዓመት ስኖር ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በዚህ ግሩፕ ነበር። መልካቸውን ሳይሆን ብሶታቸውን።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን በዚሁ ግሩፕ ለየት ያለ መልእክት መጣ። «ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት፣ አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ከብሎኩ ጀርባ ይምጣ።» የጻፉት ሁላችንም ቲቸር የምንላቸው የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ አካፋም ዶማም የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ግን መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬ 4 በመቶ ላይ ደርሶ ስለነበር ወረድኩ። እውነቱ ይሄ ነው። ለአረንጓዴ ልማት ብዬ አልነበረም።

ከብሎካችን ጀርባ ያለው ቦታ ከአንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም። ሕንፃው ሲሠራ የተረፈ ብሎኬት፣ የደረቀ ሲሚንቶና ቁርጥራጭ ብረት እዚያው ተደፍቶ፣ ከላዩ ደግሞ ፌስታሉና ኃይላንዱ ዓመት ከዓመት ሲከመርበት ኖሯል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ዶማው ስድስት ጊዜ ቢወርድ አምስቱን ጊዜ ብሎኬት ይመታል። ቆሻሻውን በማዳበሪያ እየሞላን ስናወጣ ዋልን (ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ዋናው ማዳበሪያ ኋላ ይመጣል)። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ አፈር አይተናል ለማለት ይከብዳል።

ቲቸር ገና ሳንጀምር ያነሱት ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። «ሕንፃው ሳይሠራ በፊት እዚህ ጋ ምን ነበር? ጋራዥ ነበር እንዴ? የተቃጠለ ዘይት የሚደፋበት ቦታ ነበር?» ብለው የሰፈሩን ነባር ሰዎች እየዞሩ ጠየቁ። የእርሻ ማሳ እንደነበር ሲነገራቸው ነው ፊታቸው የተፈታው። ለምን እንደዛ እንዳስጨነቃቸው የገባኝ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሰው ከሚበላው ቅጠላ ቅጠል ብዙው ሲለማ የኖረው በአቃቂ ወንዞች ዳርና ዳር ነው፤ ወንዞቹ ደግሞ የፋብሪካውንም፣ የጋራዡንም፣ የየቤቱንም ፍሳሽ ተሸክመው የሚወርዱ ናቸው። በዚያ ውኃ በለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ይሄ ደግሞ ጎመኑን በደንብ በማጠብ የሚለቅ አይደለም፤ ተክሉ በሥሩ የሚስበው ነው። ቲቸር ይህን ያስረዱን ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ነው፤ በማግስቱ የሰላጣ ሳንድዊች ለመብላት ትንሽ ተቸግሬያለሁ።

እንግዲህ ክለባችን እንዲህ ተጀመረ። እስካሁን ስም የለውም። ስም ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ሁለቱንም ጊዜ ስለ ውኃ ተከራክረን ተበትነናል። አንዳንዱ «ክበብ» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ማኅበር»፣ ልጆቹ ደግሞ «እርሻ»። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነበርኩ፤ የገባሁት ባጅ ስለሚሰጥና ሰልፍ ላይ ከፊት ስለሚያስቆም ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ግጥም አቅርቤ አንድም ዛፍ ሳላጠጣ ጨረስኩ። ይህን ለቲቸር ስነግራቸው አልሳቁም። «ክበቡን የምመራው እኔ ብሆን ኖሮ…» ብለው ዝም አሉ።

ከክለባችን ሰዎች ሁሉ ማስተዋወቅ የምፈልገው ግን የአራተኛ ፎቋን እማማን ነው። እማማ ልደታ የቀበሌ ቤት ውስጥ የኖሩ ናቸው። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደዚህ መጡ። ሲመጡ ከዕቃቸው ጋር በአንድ የወተት ጣሳ የተተከለ ጤና አዳም ይዘው ነበር። ከድሮ ግቢያቸው የተረፈ ነገር ቢኖር እሱ ነው። በረንዳቸው ላይ ለዓመታት ቆየ። ቡና ባፈሉ ቁጥር አንድ ዘለላ ቀንጥሰው ሲኒው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፤ ጎረቤት ከመጣ ለእሱም። «የልደታን ቡና ነው የምትጠጪው» ይላሉ።

«የጓሮ አትክልት» የሚለውን ቃል አስቤበት የማላውቀው ሰውዬ በእሳቸው ምክንያት አሰብኩበት። ጓሮ ማለት ለእሳቸው በኩሽናውና በአጥሩ መሀል ያለች፣ የዕቃ እጣቢ የሚደፋባት፣ ጎመን፣ ኮሰረት፣ ዳማከሴና ጠጅ ሳር ሳይዘራ የበቀለ እስኪመስል ድረስ የሚገኝባት ቦታ ናት። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ወደ ፋርማሲ ሳይሆን መጀመሪያ ወደዚያ ይኬዳል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ሳሎንም፣ ሽንት ቤትም፣ በረንዳም ታስቦበታል፤ የጋራ ማብሰያና ማረጃ እንዲሆን ኮሚናል እንኳ ተሠርቷል። ጓሮ ግን አልታሰበም። በአራተኛ ፎቅ ላይ ጓሮ ሊኖር አይችልም እንዳትሉኝ፤ ይገባኛል። የጠፋው ግን መሬቱ ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ ዘለላ በሶብላ ለመፈለግ ታክሲ የምንይዘው እኛ ነን። አትክልት ተራ ራሱ በ2012 ዓ.ም ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዞር እኛ ሰፈር ያለው የቲማቲም ጉልት እንዴት እንደተወደደ እማማ እስካሁን ይተርኩታል።

ወደ ሥራው ልመለስ፤ ምክንያቱም ያልሠራነው ስህተት የለም። የኛ ሰፈር መሬት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ጫማህን ይዞ ያስቀርብሃል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ውኃ ስለማያስርግ የተክሉ ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል። መፍትሔው መደብ ከፍ ማድረግና አፈሩን በብስባሽ ማላላት ነው። ብስባሹን የምንሠራው ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ማዳበሪያን በማዳበሪያ ማለት ይሄው ነው። ከየቤቱ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ ይመጣል። በላዩ የደረቀ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ይደረግበታል። ሥጋና ዘይት ክልክል ነው፤ አይጥ ይጠራል። እርጥቡ ከበዛ ይገማል፣ ደረቁ ከበዛ ወር ሙሉ ሳይነካካ ይቀመጣል። በሳምንት አንዴ ይገላበጣል። በደንብ የያዘ ከረጢት ውስጥ እጃችሁን ብታስገቡ ልክ እንደ ምጣድ ሳይሆን እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይሞቃል። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ሲወጣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ይህን የጻፍኩት ልታደርጉት እንድትችሉ ነው፤ ለበረንዳም ይሆናል።

የካሮቱን ጉድ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እኔ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን ባለሙያ አድርጌ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሁሉን ነገር በችግኝ ይተክላል። እኔም ካሮቱን አፍልቼ፣ አንድ በአንድ ነቅዬ፣ በመስመር ተከልኩት። ቲቸር በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር፤ ምንም አላሉም። አስተማሪ ናቸዋ። ሲደርስ የነቀልነው ካሮት ሁለት እግር፣ ሦስት እግር አውጥቷል፤ አንዱማ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር። ካሮት እዚያው በተዘራበት ነው የሚያድገው፤ ዋናው ሥሩ ከተነካ ይከፋፈላል። ፎቶው ግሩፑ ላይ ተለጠፈና የሞተር ክፍያ ማስታወቂያ አግኝቶ የማያውቀውን የሳቅ ብዛት አገኘ። በግሩፑ ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ያን ቀን ተናገሩ።

ቲማቲሙም በክረምት ተክለነው ቅጠሉ ጠቁሮ አለቀ። ቆስጣና ጎመን ግን ይቅርታ አድራጊ ናቸው። የታች የታቹን ቅጠል እየቆረጥክ ትበላለህ፣ ከላይ ይቀጥላል። ጎመኑን ክሽክሽ ሲወረው እማማ አመድ በተኑበት፣ ቲቸር የሳሙና ውኃ ረጩበት፤ የማን መድኃኒት እንደሠራ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ክለቡ ሃያ ሁለት ቤት ደረሰ። አንድ ሰው ለፆም ጎመን ሲፈልግ ይወርዳል፤ የወሰደውን መደርደሪያው ላይ በታሰረ ደብተር ይጽፋል፤ ገንዘብ የለም፣ በምትኩ ጀሪካን ውኃ ወይም ልጣጭ ያመጣል። አምስተኛ ፎቅ ያሉ አባት ያረፉ ጊዜ የለቀስተኛው ቆስጣ ሙሉ በሙሉ ከዚያ ነው የተቆረጠው። ሟቹን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ሰላም ብያቸው አላውቅም ነበር። ልጃቸው ግን ዛሬ በሳምንት አንድ ቀን ብስባሹን ከእኔ ጋር ይገለብጣል። ወረዳውም የጎመንና የቀይ ሥር ችግኝ ሰጠን፤ በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ግብርና ባለሙያዎች በየሰፈሩ ይዞራሉ። የመጣችው ባለሙያ ልጅ ጎበዝ ነበረች፤ የካሮቱን ፎቶ ስታይ እሷም ሳቀች።

አሁን ወደማልወደው ክፍል።

የኛ አገር ሰው መትከል ይወዳል። በ2011 ዓ.ም አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። በሐምሌ መትከል ግን ቀላል ነው፤ ሰማይ ያጠጣልሃል። ሥራው ያለው ጥር ላይ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ የማጠጣት ተራ አለን፤ እያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ቀን። በተራህ ሌሊት ትነሳለህ፣ ጀሪካኑን ትሞላለህ፣ ጠዋትና ማታ ታጠጣለህ።

ጥር ላይ የእኔ ተራ ነበር። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ጓደኛዬ አዳማ ሲያገባ እኔ ሚዜ ነበርኩ። ተራዬን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብዬ አሰብኩ፤ አሰብኩ ብቻ። ከሠርጉ መልስ፣ ከመልሱ ቅልቅል፣ ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ ስለጥፍ ግሩፑን አልከፈትኩም። ሌላው ሰው ደግሞ በዓል ላይ ነበርና፣ ተራው የእሱ ነው ብሎ ወደ ጀርባ የዞረ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ስመለስ በፖሊቲን የነበሩት ለዐቢይ ፆም ብለን ያፈላናቸው የጎመንና የሰላጣ ችግኞች ገለባ ሆነዋል። በእጄ ስነካቸው ተሰባበሩ።

ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ታኅሣሥ ላይ የእማማ የጤና አዳም እናት ግንድ አርጅቶ በረንዳው ላይ ደርቆ ነበር። ከመድረቁ በፊት ሰባት ቁራጭ ቀንጥሰው፣ ሥር እንዲሰድ ብለው፣ ከእኔ ችግኞች አጠገብ ተክለውት ነበር። ሰባቱም ሞቱ።

ልነግራቸው አራተኛ ፎቅ ስወጣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። በሩን ሲከፍቱ አስቀድመው ሰምተዋል። «ሠርጉ አማረ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንኳን ደስ ያለው። ግባና ቡና ጠጣ።» ቡናው ጤና አዳም አልነበረበትም። ስለ ችግኙ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቢቆጡኝ ስንት ጊዜ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ የብሎኩ ስብሰባ ኮሚናል ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፦ የጀርባው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይሁን። ሐሳቡን ያቀረበው ባለ ቪትዙ ነው። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የቀለድኩበት ሰውዬ ማለት ነው፤ እንደ ክፉ ሰው እንዳታዩት። መኪናውን መንገድ ላይ እያሳደረ ስፖኪዮው ሁለት ጊዜ ተሰርቆበታል። ያ መኪና እንጀራው ነው፣ ራይድ ይሠራበታል። ተነስቶ ሲናገር አልጮኸም። ስልኩን አውጥቶ የደረቁትን ችግኞች ፎቶ አሳየ። «እኔ አትክልት አልጠላም። ይሄ ግን አትክልት ነው? ቦታውን የሚያስፈልገው ሰው ይጠቀምበት» አለ። ምን ልመልስ? ፎቶው ውስጥ ያለው የእኔ ሥራ ነው። እጄን አውጥቼ ጥፋቱ የክለቡ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። አንድ ሰው ከኋላ «ታዲያ ነገም ሌላው ሠርግ ይኖረዋል» አለ። ትክክል ነበር።

ቲቸር ስለ አፈር ጥቅም በደንብ አድርገው ተናገሩ፤ ማንም እያዳመጠ አልነበረም። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ወሰደ። መጨረሻ ላይ በእጅ ብልጫ ተወሰነ፦ ለመንገዱ የቀረበው ሲሶ ለሦስት መኪና ይሁን፤ ቀሪው ለአትክልቱ ይቆይ፤ ሰኔ ላይ እንደገና ይታይ። ለመኪናው የሄደው ሲሶ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ምርጡ መደባችን ያለበት ነበር። ጠጠር የተደፋበት ቀን እኔ አልወረድኩም።

ከሁለት ቀን በኋላ ማታ በሬ ተንኳኳ። የባለ ቪትዙ ሚስት ናት። ከእሷ ጋር ከዚያ በፊት ያወራሁ አይመስለኝም። በእጇ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዛለች፤ ጣሳው ውስጥ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሆነ፣ ያማረ ጤና አዳም። «እማማ ዓምና ቡና ስንጠጣ ሰጥተውኝ ተክዬው ነበር» አለችኝ። «የእሳቸው ደረቀ ሲባል ሰማሁ። አራተኛ ፎቅ ሄጄ ልስጣቸው ብል ደግሞ በስብሰባው ምክንያት አፈርኩ። አንተ አድርስልኝ።»

አብረን እንሂድ ብያት አብረን ወጣን። እማማ ጣሳውን ተቀብለው ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው አሸተቱት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ቢላ ይዘው መጡ። እዚያው በሩ ላይ ቆመው አምስት ቁራጭ ቆረጡና እናቱን ከነጣሳው ለሴትየዋ መልሰው ሰጧት። «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ አንቺ ጋ ተስማምቶታል» አሏት። ከአምስቱ ቁራጭ ሁለቱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለቲቸር፣ አንዱን ለታች ቤቷ የፀጉር ሠሪ አደሉ። አምስተኛውን ለእኔ። እኔ እንኳን ለጤና አዳም ለራሴም ምግብ የማልሠራ ሰው ነኝ፤ ይህን ልላቸው አፌን ስከፍት አዩኝና ዘጋሁት።

አሁን ተራው በሁለት ሁለት ሰው ሆኗል፤ አንዱ ሠርግ ቢሄድ አንዱ ይቀራል። የማጠጣቱ ሰዓት ሲደርስ የሁለቱም ስም ግሩፑ ላይ ይወጣል፣ አጠጥተው ሲጨርሱ ፎቶ ይልካሉ። ፎቶው ላይ የጓንት ምልክት የሚያደርጉ ልጆች አሉ፤ ምን ለማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የመንገዱን ፀሐይ ስላጣን ጥላ የሚችለውን ቆስጣና ናና አበዛን። ባለ ቪትዙ አሁንም ክለቡ ውስጥ የለም፤ አሁንም መኪናው ላይ የውኃ ጠብታ ደረሰ ብሎ ግሩፑ ላይ ይጽፋል። መጋቢት ላይ ውኃ ለአሥራ አንድ ቀን ሲጠፋ ግን ከሥራ ሲመለስ መኪናው ውስጥ አራት ጀሪካን ይዞ መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ሰኔ ላይ እጁን ለየትኛው ወገን እንደሚያወጣ አልጠየቅኩትም።

የእኔ ጤና አዳም መስኮቴ ላይ ነው። ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ተራው የእኔና የሟቹ ልጅ ነው። ውኃው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይመጣል ተብሏል፤ አላርም ሞልቻለሁ፣ እሱም ደግሞ ካልተነሳሁ በሩን እንደሚደበድብ ነግሮኛል።